በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ሊታዩ ስለሚገባቸው ሥፍራዎች
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



ሰው ወደማያውቀው ከተማ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማደሪያ ነው፤ ካደረና ድካሙ ከለቀቀው በኋላ ግን ሁለተኛው ጥያቄው «በዚህ አገር የሚታይ ምን አለ?» የሚል ይሆናል። ጎንደር የደረሰ እንግዳ ይህን በጠየቀ ጊዜ ሕፃኑም ሽማግሌውም ጣቱን ወደ ፋሲል ግንብ ይዘረጋል። ላሊበላ የደረሰም እንደዚሁ ከአለት ወደ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ይመራል። ደብረ ታቦር የደረሰ እንግዳ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «የሚታይስ ጎንደር ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን አለማወቅ ነው። ደብረ ታቦር የታላላቅ ራሶች መቀመጫ፥ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ የከተሙባት፥ የኢትዮጵያ ስመ ጥሩ መድፍ በአጠገቧ የተሠራባት ከተማ ናትና። የዚህ ንግግር ዐሳብ በከተማዪቱና በዙሪያዋ ሊታይ የሚገባውን በቅደም ተከተል ማመልከትና መምህሩ ከሽማግሌው ጋር ሆኖ ለተማሪዎቹ እንዴት ሊያሳይ እንደሚችል መናገር ነው። ዓመታቱም ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ታላላቅ ከተሞች ለእንግዳ የሚያሳዩት ሳይፈርስ የቆየላቸውን ብቻ አይደለም፤ የፈረሰውንም ጠይቀውና መርምረው ያሳያሉ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በደቡብ አሜሪካ የአርጀንቲና መንግሥት ዋና ከተማ የሆነችው ቦነስ አይረስ ናት። በዚያች ከተማ መካከል የግንቦት አደባባይ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ከአደባባዩ ዳርም ካቢልዶ የሚባል የቀድሞ የከተማ ሸንጎ ቤት ቆሟል። የአገሩ ሰዎች ከእስፓኝ አገዛዝ ለመውጣት በግንቦት ወር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810 የመከሩት በዚያ ነው። ይህ ቤት በፊቱ 11 ቅስቶች ነበሩት። በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ ጎዳና ሲከፈት ከአንድ ወገን 3 ቅስት ተቆረጠበት፤ በ1931 ደግሞ ሌላ ጎዳና ሲወጣ ከሁለተኛው ወገን 3 ቅስት ተነሣ። የቀሩት 5 ብቻ ሆኑ። በዚህ ጊዜ የአገሩ ሰዎች የቀረውም እንዳይጠፋ አሰቡ፤ የድሮውን ጽሑፍና ሥዕል መርምረው በ1940 ቤቱን አደሱት፤ ዛሬም እንግዳ ሁሉ ይጎበኘዋል። እነሆ፥ ከ11 ቅስት 5 የቀረው ቤት የአንድ ታላቅ ከተማ መመኪያ ሊሆን የቻለው የተቆረጠው ምን እንደ ነበረ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው። ደብረ ታቦርም እንዲህ ያለች ከተማ ናት፤ ከታየው ይልቅ የተቆረጠው ይበዛባታል። ስለዚህ ከሌላው አገር ይልቅ ተናጋሪ ያስፈልጋታል።

ከተማዪቱ ከባሕር ወለል 2 ሺሕ 700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ፥ ከጎንደር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዋ ከ55 ሺሕ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስሟን ያገኘችው በቅዱስ መጽሐፍ ከሚጠራው ከታቦር ተራራ ነው። ከተማ አድርገው የቈረቈሯት በአውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበሩት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ እንደ ሆኑ ይነገራል። ከእርሳቸውም በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ በዚህችው ተቀመጡ። በጎንደር የነበሩት ነገሥታት በዚያ ዘመን ስም ብቻ ቀርቶላቸው ስለ ነበረ፥ እውነተኛው ሥልጣንና ፍርድ ይወጣ የነበረው ከደብረ ታቦር ነው። እንግዲህ ሕፃናት «ዋና ከተማ ማለት ምንድር ነው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ መምህሩ ዘውዱ በአንድ ከተማ፥ ሥልጣኑ በሌላ ከተማ የነበረበትን ይህን ዘመን ቢያስረዳቸው ነገሩ በቶሎ ይገባቸዋል።

በ1834 ዓ.ም. የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ለመውጋት መጥተው በደብረ ታቦር ጦርነት ሆነ። ደጃዝማች ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ባለ ድሉ በድንኳናቸው ሆነው ደስታ በሚያደርጉበት ሰዓት የራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። በአንድ ቀን ያሸነፈው ተማረከ፥ የሸሸውም ወደ ከተማው ተመለሰ። ይህ ታሪክ የተፈጸመበትን ሜዳ የሚያሳይ ሐውልት ባይቆምም ነገሩ ራሱ ለተማሪ የሚሆን ታላቅ ትምህርት አለው።

«ታዲያ እንደ ጎንደር ያለ ግንብ ስለ ምን አልቀረም?» የሚል ቢኖር መልሱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት መኳንንትና ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳንና በሣር ክዳን ቤት ይቀመጡ ነበር፤ ከተማቸውም የጦር ሰፈር ጭምር ነበረ። ሣር ክዳን በእሳት ይጠፋል፤ ድንኳንም ተጠቅልሎ ይሄዳል። ደብረ ታቦርም ከአንድ ጊዜ በላይ ተቃጥላለች፤ በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ከራስ ዓሊ ጋር በተዋጉ ጊዜ አቃጠሏት፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም ይህችኑ ከተማ መቀመጫቸው አደረጓት፤ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ወደ መቅደላ ሲነሡ ራሳቸው በእሳት አጠፏት። እንግዲህ በደብረ ታቦር የሚታየው ከሁለት ቃጠሎ የተረፈው ነው፤ ይኸውም ተራራው፥ ቤተ ክርስቲያኑ፥ የሥራው ሥፍራ፥ መንገዱና በሰው ልብ የተቀመጠው ትምህርት ነው።

መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ከከተማው በላይ ያለው የደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ እርሱ የወጣ ሰው ከተማዪቱን ከእግሩ በታች ስለሚያያት፥ ራሶቹ ይህን ሥፍራ ለመቀመጫ ስለ ምን እንደ መረጡት ማንም ሳይነግረው ያስተውላል፤ ከሩቅ የሚመጣ ጦር ሁሉ ይታያልና። ነገር ግን በዚህ ደብር ከሕንፃው ይልቅ ሊታይ የሚገባው የሊቃውንቱ አቋቋም ነው። የተክሌ አቋቋም የሚባለው የዜማ ሥርዓት ሥር የሰደደው በደብረ ታቦር ነው። ይህን ያወጡት በፎገራ የተወለዱት፥ በቀልዳቸውና በጥበብ ንግግራቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ስሙ ግን በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ተጠርቷል፤ አስፋፍተው ያስተማሩት እርሳቸው ናቸውና። በመቋሚያ የሚደረገው የሰውነት ዝማሜም በጣና ዳር ከሚወዛወዘው ሸምበቆና ከማዕበሉ እንቅስቃሴ እንደ ተወሰደ በሊቃውንቱ ዘንድ ይተረካል። ብዙ ሰዎች አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው ብቻ ያውቋቸዋል፤ መምህሩ ግን ሊቅነታቸውን አስቀድሞ፥ ቀልዳቸውን አስከትሎ ቢያስተምር ይገባዋል።

ሁለተኛው ሥፍራ ጋፋት ነው። ጋፋት ከከተማው ሩቅ አይደለም፤ ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው በዚያው ቀን ሊመለሱ ይችላሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራ የሚያውቁ አውሮፓውያንን ያስቀመጡት በዚህ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በስዊስ አገር ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር የሚባሉት ከእነርሱ መካከል ናቸው። ከፖላንድ የመጣ ሞሪትስ ሆል የሚባልም ነበረ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ለስብከትና ለእጅ ሥራ ነበረ እንጂ መድፍ ለመሥራት አልነበረም። ንጉሡ ግን «መድፍ ሥሩልኝ» ብለው አጥብቀው አዘዟቸው። እነርሱም መድፍ የመሥራት ሙያ እንደሌላቸው ቢናገሩም ንጉሡ የሚመለሱ አልሆኑም፤ ሙከራውም ከብዙ ድካም በኋላ ተሳካ። በዚያውም ሥፍራ ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። ስለዚህ ጋፋት የመድፍ ሥፍራ ብቻ ሳትሆን የትምህርት ቤትም ሥፍራ ናት፤ መምህራንም ይህን በተለይ ሊያስቡት ይገባል።

ከጋፋት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ስሙ የተወሰደው በጥቁር ባሕር ዳር ካለችው፥ በዚያ ዘመን የሩስያ ከነበረችው ወደብ ነው፤ ያች ወደብ በክሪሚያ ጦርነት በ1854 እና በ1855 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተከባ ስለ ነበረ ወሬዋ በዓለም ሁሉ ተሰምቶ ነበር። መድፉ ከነሐስ የተሠራ ሲሆን ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። ዛሬ በጋፋት የቆመ ሰው ዓይኑ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ሣርና ድንጋይ፥ የእርሻ ማሳም ነው። ነገር ግን የሚናገርለት ሰው ካገኘ፥ ምድጃው ሲነድድ፥ ነሐሱ ሲቀልጥ፥ ንጉሡም በትዕግሥት ማጣት ወዲያና ወዲህ ሲሉ በልቡናው ይታየዋል። ሕፃናት በዚህ ሥፍራ ሲቆሙ ሊጠየቁ የሚገባቸው «መድፉ ምን ያህል ትልቅ ነበረ?» ተብለው ብቻ አይደለም፤ «ንጉሡ ከውጭ አገር መድፍ ከመለመን ይልቅ በአገራቸው እንዲሠራ የፈለጉት ስለ ምን ነው? ሥራውስ ከእርሳቸው በኋላ ያልቀጠለው ስለ ምን ነው?» ተብለውም ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከእጅ ባለሙያ ጋር በአንድ አገር የሚኖር ልጅ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ቀጥቃጭንና ሸማኔን እየናቀ ያደገ ልጅ ጋፋት ላይ ቆሞ የሚያደንቀውን ነገር የሠራው እጅ መሆኑን ያስተውል ዘንድ ነውና።

ሦስተኛው ሊታይ የሚገባው መንገዱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን ወደ መቅደላ ሲወስዱ መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱን እየጠረጉ፥ ድንጋዩን እየፈለጡ፥ ገደሉን እየደለደሉ ሄዱ። ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር በእጃቸው ይሠሩ እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። በጋይንት አልፈው፥ በጨጨሆ ወጥተው፥ የዋድላን ደጋ ተሻግረው፥ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ሴባስቶፖልንም በዳገቱ ላይ የሚጎትቱት ሰዎች በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አረፉ፤ መድፉም በዚያው አምባ ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው በአምሳያው የተሠራ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መኪና መንገድ የሚሄድ ሰው ጨጨሆን ሲሻገር ያን ዳገት ያየዋል። በዚህ መንገድ ዳርና ዳር ያሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች ሁሉ፥ የንጉሡ ሠራዊት በሰፈራቸው እንዴት እንዳለፈ ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ሊያገኙ ይችላሉና፥ ይህን ይጠይቁ።

አራተኛው የዐፄ ዮሐንስና የራስ ጉግሣ ወሌ መታሰቢያ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ከነገሡ በኋላ በልዩ ልዩ ሥፍራ ይከትሙ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ደብረ ታቦርና በአጠገቧ ያለው ሰመራ ነው። የግብፅ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው እንግሊዛዊው ጎርደን በ1872 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ስለ ወሰን ለመነጋገር የመጣው ወደዚሁ ነው፤ ሳይስማሙም ተለያዩ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የመንግሥታት ነገር ይመከርበት የነበረው ይህ ዛሬ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነበረ። ከዚህ በኋላ በቅርቡ ዘመን በጌምድርን ከደብረ ታቦር ሆነው ያስተዳደሩት የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ በተደረገው ጦርነት ሞቱ፤ በዚያም ውጊያ አውሮፕላን ከሰማይ ስለ ታየ ሠራዊቱ በጣም ደነገጠ። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ከተማዪቱን የቈረቈሩት ራስ ጉግሣ መርሳና በአንቺም የሞቱት ራስ ጉግሣ ወሌ ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ በመካከላቸውም ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለ። ልጆች ሁለቱን እንዳያደባልቁ ዓመቱን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚህም በኋላ ከተማዪቱ በ1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ጦር ተያዘች፥ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች።

አምስተኛው የጉና ተራራ ነው። ጉና ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ ሲሆን ከፍታው ከ4 ሺሕ ሜትር በላይ ነው። በላዩ ጅባራ፥ ጓሳና አስታ ይበቅላል፤ ብርዱም የጸና ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የፎገራን ሜዳና የጣናን ሐይቅ ያያል። ነገር ግን ከማየትም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ይኸውም የውኃው ነገር ነው። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ወገን ወርደው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ፤ ጣናም ለዓባይ ይሰጣል። በሌላው ወገን የሚወርደው ውኃ ደግሞ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ስለዚህ በጉና ራስ ላይ የዘነበው ዝናብ እንደ ወደቀበት ወገን መንገዱ ይለያያል፤ በመጨረሻ ግን ሁሉም በሱዳን አገር በአባይ ይገናኛል። የጂኦግራፊ መምህር ካርታ ባይኖረው እንኳ ይህን ተራራ እንደ ካርታ ሊያደርገው ይችላል። የጉና ጓሳ ከታረሰና አስታው ለማገዶ ካለቀ፥ አፈሩ ታጥቦ በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ የምንጩም ውኃ ይቀንሳል። የሚታየውን ማሳየት የሚጠብቀውን ሰው ማፍራት ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስድስተኛው በጋይንት ያሉት የትምህርት ሥፍራዎች ናቸው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ከትግራይም ከሸዋም ከጎጃምም የመጣ ተማሪ በእነዚህ ሥፍራዎች ካልተመሰከረለት ትምህርቱ እንደ ተፈጸመ አይቈጠርለትም ነበር። ስለዚህ ይህች ደጋ፥ አኵፋዳ በጀርባው ያለ ተማሪ ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣባት ነበረች። የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያንም ለዓይን የሚያስደንቅ ነገር አላት፤ ከውጭ ላያት ሰው እንደ ሌላው የአገር ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆና በሣር የተከደነች ትመስላለች፤ ወደ ውስጥ ለገባ ግን በዚያ ክብ ክዳን ሥር ተሰውሮ የቆየ፥ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፥ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ ይገኛል። የደቡብ ጎንደር ነገር ሁሉ ይህን ይመስላል፤ ላዩን ያየ ሣር ነው ብሎ ያልፋል፥ ውስጡን ያወቀ ግን ዋጋው ይገባዋል።

ሰባተኛው የሚታየው በቀን የተወሰነ ነው፤ ይኸውም ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ወይም ቡሄ ነው። በዓሉ በኢትዮጵያ ሁሉ ቢከበርም የበዓሉን ስም በተሸከመች ከተማ ማየት ልዩ ደስታ አለው። የሕፃናቱ የሆያ ሆዬ ዜማ፥ የጅራፉ ጩኸት፥ የችቦው ብርሃን፥ የሙልሙሉ ዳቦ፥ የሊቃውንቱም ዝማሜ በአንድ ላይ ሲሆን እንግዳ የሆነ ሰው የአገሩን ልማድ ሳይነገረው ያያል። መምህሩ ጅራፍ የሚገምዱትን፥ ችቦ የሚያስሩትን ልጆች «ይህን ከማን ተማራችሁ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ከአያት ወደ ልጅ የሚሄደውን የትምህርት መንገድ ያስተውላሉ።

እንግዲህ የሚታየው ይህን ያህል ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የማሳየቱ ሥራ ነው፤ ይህም ለመምህሩና ለሽማግሌው በአንድነት የተሰጠ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፥ ይህን ሥራ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አይሠራውም። ሽማግሌው ከአባቱ የሰማውን ያውቃል፤ ዓመቱን ግን ብዙ ጊዜ አይዝም። መምህሩ ዓመቱን በመጽሐፍ ያገኛል፤ ሥፍራውን ግን አያውቀውም። ሁለቱ ካልተገናኙ የሽማግሌው ነገር ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ የመምህሩም ትምህርት ባዶ ቃል ይሆናል። የፋሲል ግንብ ተናጋሪ ባያገኝ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል፤ ጋፋትና ሰመራ ግን ድንጋይ አልተረፈላቸውም፤ ተናጋሪው ዝም ያለ ዕለት ሥፍራው እንደ ማንኛውም ማሳ ይሆናል፥ ይታረሳል፥ ቤትም ይሠራበታል። ያረሰውም ሰው ሊወቀስ አይችልም፤ ማንም አልነገረውምና።

ስለዚህ መምህሩ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን፥ ዝናብም በሌለበት ወራት፥ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ተማሪዎቹን ይዞ ይውጣ። በአንድ ቀን አንድ ሥፍራ ይበቃል፤ ብዙ ያየ ልጅ ሁሉንም ይረሳልና። ከመውጣቱ በፊት ከሥፍራው ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ቀጠሮ ይያዝ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም የሚሄድ ቢሆን ከአለቃው ወይም ከገበዙ ፈቃድ ይጠይቅ። በሥፍራው ሲደርሱ አስቀድሞ ሽማግሌው ይናገር፤ መምህሩ በመካከል አያቋርጠው። ከዚያ በኋላ ለተማሪዎቹ ሦስት ጥያቄ ይሰጣቸው፤ «በዚህ ሥፍራ የሠራው ማን ነው? ከሌላ ሥፍራ ይልቅ ይህን የመረጠው ስለ ምን ነው? ዛሬስ ከሥራው ምን ቀርቷል?» የሚል ነው። እነዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች ለቤተ ክርስቲያንም ለጦር ሜዳም ለተራራም ይሆናሉ።

ሽማግሌው የተናገረውን አንድ ደኅና አድርጎ የሚጽፍ ተማሪ በደብተር ይጻፈው፤ የተናጋሪውን ስም፥ ዕድሜውን፥ አጥቢያውን፥ የተነገረበትንም ቀን ያስቀምጥ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ነገር ላይ ልዩ ልዩ ቢናገሩ መምህሩ አንዱን ሰርዞ ሌላውን አይቀበል፤ ሁለቱንም ይጻፍ፤ ከመጽሐፍ ጋር የሚያስተያየው ወደ ፊት ይነሣልና። ደብተሩም የመምህሩ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ይሁን፤ መምህሩ ወደ ሌላ አገር ቢዛወር ለሚተካው ያስረክበው። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ መርማሪዎችም እንዲህ ያለ ደብተር ቢያገኙ ለሥራቸው ታላቅ እርዳታ ይሆናቸዋል።

ተማሪዎች ከሥፍራው ምንም እንዳያነሡ አጥብቆ ሊነገራቸው ይገባል። በጋፋት የተገኘ የቀለጠ ብረት ቁራጭ በጋፋት ሳለ ምስክር ነው፤ ወደ ቤት የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ከጓዳ ጥግ የተጣለ ድንጋይ ይሆናል። የጥንት ጽሑፍ፥ ሥዕል ወይም ንዋየ ቅድሳት ለመግዛት የሚመጣ ሰው ቢያጋጥም ሽማግሌዎች ለወረዳው ባለ ሥልጣን ያስታውቁ። አንድ ብራና በአንድ ቀን ዋጋ ይሸጣል፤ ከሄደ በኋላ ግን ልጆች ስለ አገራቸው የሚያነቡትን ከሌላ አገር ሊለምኑ ይገደዳሉ።

በመጨረሻ እንዲህ ይባላል። አንድ እንግዳ ደብረ ታቦር ገብቶ «የሚታይ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ወደ ኢየሱስ ተራራ ጣቱን ዘርግቶ፥ ቀጥሎም ወደ ጋፋት መንገድ አመልክቶ፥ «ና ላሳይህ፤ አያቴም ይነግርሃል» ለማለት ከቻለ፥ መምህሩም ሽማግሌውም ሥራቸውን ፈጽመዋል ማለት ነው።